አንዲት ክኒን ለባልና ሚስት

የካቲት ላይ የፎገራ ሜዳ ሩዙን ካስገባ ቆይቷል፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የሽንኩርት መደብ ብቻ ነው። አያ ደሞዝ ከማሳው ሦስት እርሻ ርቆ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ድንበር ሲነታረክ፣ በነገሩ መሐል እጁን ብድግ አድርጎ "እስቲ ዝም በል!" አለው። ጎረቤትየው የሚረታበት ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶለት ነበር፤ ዋጠው። ከርብ ወንዝ ዳር የአያ ደሞዝ የውሃ ሞተር ይሰማል። ለሌላ ሰው ጆሮ ያው የሞተር ድምፅ ነው።

"አንዲት ዘለለ" አለ አያ ደሞዝ። "ይኸው፣ አሁንም ዘለለ። ሞተሬን አሞታል።"

በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ አቧራ እንዳይገባው በአያ ደሞዝ ጋቢ ተጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ወጣ። ሚስቱ እትየ አገኘሁሽም ወጣች። ሌላ ጉዳይ ኖሯት አይደለም፤ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሆነ ከኋላ ወንበር ላይ ሞተሩን አቅፎ የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ ነው። አያ ደሞዝ ከሹፌሩ ጎን ተለጥፎ፣ ባጃጇ በነጠረች ቁጥር ዘወር እያለ "ቀስ! አጥብቀሽ ያዥው! እንዳይመታ!" ይላል። እትየ አገኘሁሽ ማን እንዳይመታ እንደሆነ አልጠየቀችም። ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ ስለ አያ ደሞዝ ልብ ካልተነገረ የኋላው ነገር አይገባም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሩዝ ሲወቃ፣ ደህና ሲሣሣቅ የነበረው ሰውዬ አውድማው ላይ ዘፍ አለ። መንደሩ ተነቃንቆ ወጣ። ሃያ ጎረምሳ በቃሬዛ እየተቀባበለ አስፋልት አደረሰው፤ ከዚያ ባሕር ዳር ሄደ። "የልብ ምት መዛባት ነው" ተባለ። ሁለት ዓይነት ክኒን ተሰጠው፤ አንዷ የልቡን ሩጫ የምትገታ፣ አንዷ ደሙ እንዳይረጋ የምታቀጥን። በየወሩም ወረታ ከተማ ሐኪም ቤት እየመጣ ደሙ ይለካል።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው በሽታውን እንደ ሹመት ያዘው። ሸክም ሲመጣ "ልቤ" ይላል። ቦይ ሲቆፈር "ልቤ"። ሰንበቴ ላይ እጁን ደረቱ ላይ ጣል ካደረገ ጥሩው መቀመጫ ይለቀቅለታል። ድንበር ለመጨቃጨቅ ሲሆን ግን ልቡ ደህና ነው።

እትየ አገኘሁሽም ዓመት አልፏታል። ውሃ ይዛ ስትመጣ ደረቷ ውስጥ አንዳች የታሰረ ነገር እንደሚፈራገጥ ይሆንባታል፤ ትንፋሿ ያጥራል፤ ጉልበቷ ይከዳታል። ለእሷ ግን ቃሬዛ አልወጣም። መንደሩ የደረሰበት ፍርድ "ሐሳብ ነው፤ ሴት ልጆቿን ድራ ቤቱ ጭር ስላለባት ነው" የሚል ነበር። አንዴ አንድ ክሊኒክ ገብታለች። እዚያ የነበረው ሰውዬ ደረቷን ሳያዳምጥ "የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቃት። "አዎ፣ ባሌ" አለችው። ሳቀና ቫይታሚን ጽፎ ሸኛት። ያች ቀልድ አንድ ዓመት አስከፈለቻት።

ወረታ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ የኢሳቅ ጋራዥ አለ። ኢሳቅ የፎገራን የውሃ ሞተር ሁሉ በድምፁ ይለየዋል፤ አያ ደሞዝንም ከነጭቅጭቁ ሃያ ዓመት ያውቀዋል።

"አያ ደሞዝ! እንኳን መጣህ! ምን ልጋብዝህ?"

"ጾም ነኝ እባክህ፤ ሁዳዴ ነው።"

"እኔም ረመዳን ነኝ።"

"አሃ! ለዚህ ነዋ ግብዣው የቀለለህ! በፍስክ መች ትጠራኛለህ!"

ተሣሣቁ። ኢሳቅ ሞተሩን ከባጃጁ አውርዶ፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ሞተሩ ዱዱዱ ሲል ቆየና አንዷን ዋጣት።

"ሰማኸው?" አለ አያ ደሞዝ።

"ሰማሁት። እሳቱን የሚሰጠው ካንዴላ ነው መሰለኝ። ስንት ቀን ሆነው?"

"ትናንት ነዋ! ትናንት ጀመረው፣ ዛሬ አመጣሁልህ። እኔ የማሳድረው መሰለህ?"

ኢሳቅ ሞተሩን አጥፍቶ መፍቻ ሲፈልግ ልጁ ራህመት ከውጭ ገባች። ነርስ ናት፤ ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ ወደ ቤት ስትሄድ አባቷን ሰላም ልትል ጎራ ማለቷ ነው። አያ ደሞዝን በደንብ ታውቀዋለች፤ በየወሩ ደሙን የምትቀዳው እሷ ናት።

"እንደምን አደሩ አባባ ደሞዝ? ልብዎትስ?"

"ልቤማ እንደምታውቂው ነው" አለ፤ እጁም ሳይታዘዝ ደረቱ ላይ ወጣ። "ዛሬ የመጣሁት ግን ለሞተሩ ነው።"

ራህመት ግን ዓይኗ ከእሱ አልፎ ሄዷል። እትየ አገኘሁሽ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ግንባሯን ላብ አቸፍችፎት፣ በአፏ ትተነፍሳለች።

"እትየ፣ ምን ሆነዋል?"

"ምንም ልጄ። ሞተሩ ከብዶኝ ነው።"

"ባጃጁ ተሸከመው እንጂ አንቺ መች ተሸከምሽው?" አለ አያ ደሞዝ። "ተያት ራህመት፣ ሐሳብ ነው። ደረቴ ተፈራገጠ፣ ደከመኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ! ይኸን ዜማ ከያዘች ዓመቷ ነው።"

"ዓመት? የእርስዎም በሽታ እኮ እንዲሁ ያለ ነው አባባ ደሞዝ።"

"ኧረ በስማም! የእኔንማ ባሕር ዳር ያለ ማሽን መስክሮለታል! የእኔን ከእሷ ምን ያገናኘዋል? የእኔ የወንድ በሽታ ነው።"

"ጢም አለው እንዴ?" አለ ኢሳቅ ቀና ሳይል።

"አንተ ሥራህን ሥራ! ልጄ፣ ስሚኝማ። የሚያርሰው ወንድ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ከብቱን የሚያሻግረው ወንድ ነው። ፍርድ ቤት የሚንከራተተው ወንድ ነው። ይኸ ሁሉ መከራ የት ይገባል? ልብ ውስጥ ነዋ! የሴት ምን አለባት?"

"ምን አለብኝ" አለች እትየ አገኘሁሽ ቀስ ብላ። "ሩዙን ማረም፣ ማጨድ፣ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ስድስት ልጅ፣ እሱ።"

"እሱ" ያለችው በጣቷ እያሳየች ነው።

ራህመት ሌላ ጎማ ስባ ተቀመጠች። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ሰው ናት፤ አልጋዋ ይጠብቃታል። ግን አንዳንድ ሰው አለ፣ እንቅልፍ ዓይኑ ላይ እያለ ክርክር ካገኘ የሚነቃ። አባቷም እንዲያው ነው።

"ነገርዎ በከፊል ልክ ነው አባባ ደሞዝ" አለች።

አያ ደሞዝ "ልክ ነው" የምትለዋን ሰምቶ ቀና አለ። "በከፊል" የምትለዋ አመለጠችው።

"ይኸ በሽታ ሲቆጠር ወንዱን በለጥ አድርጎ ይይዛል፤ እውነት ነው። ግን ሴቱንም ይይዛል፤ ያውም ብዙ ሴት። ልዩነቱ ከያዘ በኋላ ነው የሚመጣው።"

"እህስ፣ ምንድን ነው ልዩነቱ?"

"መጀመሪያ ስሜቱ ነው። ብዙ ወንድ ልቡ ተዛብቶ እያለ ምንም አይሰማውም። እርስዎ አውድማው ላይ ከመውደቅዎ በፊት ምን ይሰማዎት ነበር?"

"ምንም! እንደ በሬ ነበርኩ።"

"አዩ! ሴት ግን ብዙውን ጊዜ ይሰማታል። ደረቷ ይፈራገጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ከሥራዋ በላይ ትደክማለች። እትየ ዜማ ይዘው አይደለም፤ የበሽታውን ምልክት ነው አንድ በአንድ ሲነግሩዎት የከረሙ።"

"የሚሰማት ከሆነማ ቶሎ ትታከማለቻ! ታዲያ እሷ ናት ዕድለኛዋ።"

"የሚያሳዝነው እሱ ነው። እየተናገረች ዘግይታ የምትደረስባት ሴቷ ናት። ሐሳብ ነው፣ ጭንቀት ነው፣ የዕድሜ ነው ትባላለቻ! እርስዎ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም አዩ። እትየ ዓመት ሙሉ ተናገሩ፤ ወረታ የገቡት ግን ሞተር ታቅፈው ነው።"

ኢሳቅ ሳቁን ለመደበቅ ካንዴላውን አፉ ድረስ አቅርቦ እፍ አለበት።

አያ ደሞዝ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። ድንበር ላይ ስንቱን አሰልችቶ ያስፈረመ ሰውዬ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ እምልሽ ልጄ፣ የታመመ ሰው ዝም ይላል። እኔ ስወድቅ አንድ ቃል ተናገርኩ? እሷ እንጀራ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከዚያ ላይ ትናገራለች። ይኸን ሁሉ የሚችል ሰው ምን ሆነ ይባላል?"

"ታዲያ ሞተሩን ለምን አመጡት? እየሠራ ነው እኮ፤ አልቆመም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ከቆመ በኋላማ ምን ዋጋ አለው! ሳይቆም ነው እንጂ..."

ኢሳቅ አሁን አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው።

"ሞተርና ሰው አንድ ነው እንዴ?" አለ አያ ደሞዝ ተቆጥቶ።

"አይደለም" አለ ኢሳቅ። "ሞተር መለዋወጫ አለው።"

እትየ አገኘሁሽ ባሏ በሁለት በኩል ሲወጠር አንጀቷ አልቻለም። ልታግዘው ብላ ነው እንዲህ ያለችው፦

"ተይው ልጄ፣ ደሞዝ ክፉ ሰው አይደለም። ግማሿን ይሰጠኛል እኮ። ስውጣት ጋብ ይልልኛል።"

"የምን ግማሽ?" አለች ራህመት።

አያ ደሞዝ ድንገት ባጃጁ ጎማ ላይ የሚያየው ነገር አገኘ።

"የክኒኑን ነዋ። በምላጭ ለሁለት ይከፍላታል፤ አንዷ ለሱ፣ አንዷ ለኔ። ሙሉዋን የሚውጣት የተጣላን ቀን ብቻ ነው።"

"ሁለቱንም ዓይነት?"

"ሁለቱንም። ያንዱን ከፍሎ ያንዱን ቢተው እቀየመው የለ?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከኅዳር።"

ራህመት ከጎማው ላይ ተነሣች። "ለካ! ለካስ! ሦስት ወር ሙሉ ደምዎ አንዴ ይወፍርብናል፣ አንዴ ይቀጥንብናል፤ ምን ነካው ብለን ግራ ተጋባን። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ያደክማልና አብዝተው እንደሆነ ጠየቅንዎት፤ አልነካሁም ብለው ማሉ! ለካ ደምዎን ሳይሆን የቤታችሁን ጠብ ነው ስንለካ የከረምነው!"

"ጎመኑንማ አልነካሁም" አለ አያ ደሞዝ ድምፁ ወርዶ። "በጎመኑ አልዋሸሁም።"

"ለምን ከፈሏት?"

አያ ደሞዝ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "እንግዲህ... አርባ ዓመት ካንድ ገበታ ነው የበላነው። ቁራሽ እንኳ ለብቻዬ ጎርሼ አላውቅም። እሷ ደረቷን ይዛ እያየችኝ እኔ ብቻዬን ዋጥ አደርጋለሁ? ነውር አይደለም?"

እዚህ ላይ በአያ ደሞዝ መሳቅ ቀላል ነው። ግን ፎገራ ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው ምን እንደሚባል ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጎረቤት እንኳ ቢመጣ እጁን ታጥቦ ይቀርባል እንጂ ቆሞ አያይም። አያ ደሞዝ በዚህ ወግ አድጎ፣ ክኒኗንም እንደ ማዕድ ቆጠራት። ደግነቱ ደግነት ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ክኒን ግን ማዕድ አይደለም። ለአንድ ሰው ተሰፍራ የመጣች ነገር ለሁለት ስትከፈል ሁለቱም ታከምኩ ይላሉ፤ ሁለቱም አልታከሙም።

"አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ራህመት። "በሽታው የወንድ ከሆነ፣ የእሳቸው ደግሞ ሐሳብ ከሆነ፣ የልብ ክኒን ለምን ሰጧቸው?"

አያ ደሞዝ ወደ ኢሳቅ ዞረ። "ኢሳቅ፣ ካንዴላው አለቀ?"

"ካንዴላውማ አልቋል። አንተን ነው የምንጠብቅ።"

"እኔ ልንገርዎት" አለች ራህመት። "ልብዎት ያውቀው ነበር። አፍዎ ነው እምቢ ያለ። ግን አባባ ደሞዝ፣ ይቺ ደም የምታቀጥነዋ ክኒን ቀልድ አይደለችም። በዛች ማለት ሆድ ውስጥ ታደማለች፤ አነሰች ማለት ደም ይረጋል። ለዚያ ነው በየወሩ የምንለካ። እትየን ማን ለካቸው? ምላጭዎ?"

"እውነትም ባለፈው ሳምንት ግማሿ አልበቃችኝም መሰለኝ" አለች እትየ አገኘሁሽ። "ምላሴን ያሰረኝ ጊዜ።"

"ምላስዎን ምን?"

"አይ፣ ቀላል ነው። በርበሬ ስቀነጥስ ቀኝ እጄ ልፍስፍስ አለ። ደሞዝን ልጠራው ብል አፌ ተሳሰረ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ።"

"እኔማ ያኮረፈች መስሎኝ!" አለ አያ ደሞዝ። "እንዲያውም በሆዴ ተመስገን ብያለሁ።"

ኢሳቅ ሊስቅ ሲል የልጁን ፊት አየና ተወው። ራህመት እትየ አገኘሁሽ አጠገብ በርከክ ብላ፣ ፈገግ እንድትል አዘዘቻት፣ ሁለት እጇን አስነሣቻት፣ የራሷን ጣት አስጨበጠቻት። እትየም ሁሉንም አደረገች።

"አሁን ደህና ነዎት፤ አልሐምዱሊላህ" አለችና ወደ አያ ደሞዝ ዞረች። ድምፅዋ አሁን የክርክር አልነበረም። "አባባ ደሞዝ፣ ይኸ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው የሚመስለው። የልብ ምት ሲዛባ ደም እዚያው ልብ ውስጥ ጥግ ላይ ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ተነሥቶ አንጎል ገባ ማለት ግማሽ ጎን ሄደ፣ አፍ ተዘጋ ማለት ነው። ዋናው ልዩነት ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ይኸ በሽታ ያለባት ሴት፣ በተለይ ዕድሜዋ ሲገፋ፣ ከወንዱ ይልቅ ስትሮክ ያሰጋታል፤ ሲመታትም ይጠናባታል። እንዲያም ሆኖ ደም ማቅጠኛውን ቀድሞ የሚያገኘው ወንዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቀቃቸው። ሁለተኛ እንደሚለቃቸው ማን ዋስ ይሆናል? ዛሬ መታየት አለባቸው። አሁን።"

"አሁን?" አያ ደሞዝ ወደ ሜዳው አቅጣጫ አየ። "ሽንኩርቱ እኮ ራስ እየያዘ ነው። ዛሬ ውሃ ካላገኘ አለቀለት። ነገ ሳምንት እኔ ራሴ አመጣታለሁ።"

"እውነቱን ነው፤ ሽንኩርቱ ይድረስ" አለች እትየ አገኘሁሽ።

ሴቶች እንዲህ ሲሉ ነው ነገር የሚበላሽ። ባልየው ሐሳብ ነው ይላል፣ መንደሩ ሐሳብ ነው ይላል፣ እሷም በመጨረሻ ሽንኩርቱ ይድረስ ትላለች። የሷ ሕይወት ከቤቱ ሥራ ሁሉ ኋላ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል።

ራህመት አልተከራከረችም። "እሺ" አለች። "እኔን አይመኑ፤ ጆሮዎን ይመኑ። ይምጡና እጃቸውን ይያዙ።"

"የማንን እጅ?"

"የሚስትዎትን።"

አያ ደሞዝ ደነገጠ። በቀን! በወረታ መንገድ! ገበያ ሲመጡ እንኳ እሱ ከፊት እሷ አሥር ክንድ ከኋላ እንጂ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም። "ኢሳቅ፣ ፊትህን አዙር" አለ። ኢሳቅ ዞረ። ባለባጃጁም ዞረ፤ እሱስ በመስታወቱ ለማየት ነው።

ራህመት ሦስት ጣቶቹን ወስዳ ከእትየ አገኘሁሽ አውራ ጣት ሥር፣ አንጓዋ ላይ አሳረፈችለት። "ጫን አያድርጉ። ዝም ብለው ያዳምጡ።"

አያ ደሞዝ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጠፋች። ጠብቆ ጠብቆ፣ ሁለት ተጋፍተው መጡ። ከዚያ ሮጠች፤ ከዚያ አንዲት ደካማ፣ እንዳለችም እንደሌለችም የምትሆን። እንደገና ጠፋች። ሥርዓት የሚባል የለውም። ከሦስት እርሻ ማዶ አንዲት የዘለለች የሞተር ምት የሚሰማ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት አጠገቡ የተኛችውን ሴት ልብ ገና ዛሬ ሰማ።

"ዘለለ" አለ። ዓይኑን ገለጠ። "ኧረ አሁንም ዘለለ። አገኘሁሽ፣ ይኸ ምንድን ነው?"

"ዓመቴ ነው ስነግርህ" አለች።

አያ ደሞዝ እጇን አልለቀቀም። ኢሳቅ ዞሮ እያየው ነው፣ መንገደኛው እያየው ነው፣ አልለቀቀም።

"ባለባጃጅ! አስነሣ!"

"ሞተሩስ?" አለ ኢሳቅ።

"የራሱ ጉዳይ!" ጋቢውን ከሞተሩ ላይ ገፎ፣ ነዳጅ ነዳጅ እየሸተተ፣ ሚስቱ ትከሻ ላይ ጣለው። ከኋላ ወንበር አብሯት ገባ። ራህመትም እንቅልፏን ትታ ከሹፌሩ ጎን ገባች። ኢሳቅ ብቻውን ሲቀር ሞተሩን አስነሥቶ ሞከረው፤ ደህና ሆኗል። ማታ ሳይደርስ በጓደኛው ጋሪ አስጭኖ እርሻው ድረስ ላከለት፤ ሽንኩርቱን ጎረቤትየው አጠጣው። ያ የድንበሩ ጎረቤት ነው። ሰው ሲታመም ድንበር ለጊዜው ይተዋል።

ሐኪም ቤት ማሽኑ ከደረቷ፣ ከእጇና ከእግሯ ላይ ተገጥሞ ቀጭን ወረቀት አወጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ከአያ ደሞዝ የድሮ ወረቀት ጎን ዘረጋው። "የሁለታችሁ ቢቀላቀል መለየት ያስቸግራል" አለ።

"ስለዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም?" አለ አያ ደሞዝ። ደስ ያለው ይሁን ሹመቱን የተቀማ የመሰለው፣ እሱም አላወቀው።

"በሽታው አንድ ነው አባቴ፤ አካሉ ግን ሁለት ነው። የእሳቸው ኪሎ ሌላ፣ ኩላሊት ሌላ፣ ዕድሜ ሌላ፤ የሚያሰጋቸውም ይበልጣል። ለእሳቸው የራሳቸው መጠን አለ። ደም የሚያሳልፈውን የልባቸውን በር ደግሞ ባሕር ዳር በሌላ ማሽን እናስታየዋለን፤ እኛ አገር ብዙ ሴት በልጅነቷ ካመማት ጉሮሮ የተነሣ የልቧ በር ይበላሻል። እርስዎም ከዛሬ ጀምሮ ሙሉዋን ይውጣሉ።"

"ብንጣላም ባንጣላም?"

"ብትጣሉም ባትጣሉም።"

ይኸ ከሆነ አምስት ወር አልፏል። ባል የራሱ፣ ሚስት የራሷ መድኃኒት አላት፤ ምላጩ ወደ ጥፍር መቁረጫነቱ ተመልሷል። የአያ ደሞዝ ደም ሦስት ወር በተከታታይ ልኩን ሳይስት ወጣ። እትየ አገኘሁሽ ምላሷ ሁለተኛ አልታሰረም፤ ባሏ ይህን ሲናገር በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ግን ለቀልድ ነው። የሩዝ አረሙ ሲመጣ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ አልቆመችም፤ እኩሌታውን እሷ፣ እኩሌታውን "ልቤ" ሳይል እሱ። ደከመኝ ስትል ማንም ሐሳብ ነው አይላትም።

አያ ደሞዝ ደግሞ የያዘውን ነገር ለብቻው የሚይዝ ሰው አይደለም። ሰንበቴ ላይ ተነሥቶ "እናንተ ወንዶች፣ የሚስቶቻችሁን አንጓ ያዙ!" አለ። ሳቁበት። "ሳቁ! እኔም ስስቅ ነበር። የበሬያችሁን ጥርስ ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ የሚስታችሁን ልብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጣት አይመረምርም፤ ጣት 'ሂድ' ብቻ ነው የሚል። የሚፈርደው ማሽኑ ነው። ልባችሁ ሲዘል ሳይሰማችሁ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ፤ እየነገሩን ያልሰማናቸው ደግሞ እነሱ። ጠበሉንም ጠጡ፣ ሐኪሙንም እዩ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ክኒን ግን አትካፈሉ!"

በዚያ ሳምንት መንደሩ ውስጥ ደጃፍ ለደጃፍ ወንዱ ሁሉ የሚስቱን እጅ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ታየ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ፤ ከሠርጋቸው ወዲህ እጃቸው ተይዞ አያውቅም ነበር። ሦስት ሰው ወረታ ተላከ። አንዷ እውነትም ተገኘባትና መድኃኒት ጀመረች። የአንዷ ደም ማነስ ሆነ፤ እሱም ታከመ። ሦስተኛው ወንድ ነበር፤ ምንም አልተገኘበትም። ሚስቱ እጁን ስትይዘው ደንግጦ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባልና ሚስቱ ለወር ቀጠሯቸው ወረታ መጥተው ነበር፤ ጎን ለጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ራህመት ካርድ ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለችና "የልብ ክትትል!" ብላ ተጣራች። አያ ደሞዝ ከልማዱ ብድግ አለ።

"አገኘሁሽ መባ!" አለች ራህመት።

እትየ አገኘሁሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። "ተቀመጥ" አለችው። "የእኔ ነው።"

ተቀመጠ። እስክትወጣም ጠበቃት።